ጋሽ ጥርጌና የዳቦ ጋጋሪው መኪና

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ሰፈሩ ግን ያን ስም ከረሳው ቆይቷል። ሰውየው "ጥርግ ያርገኝ!" ብሎ ሳይምል ወሬ መጨረስ አይሆንለትም ነበርና በመጀመሪያ "ጥርግ ያርገኝ" አሉት፤ ሲረዝምባቸው ቆርጠው "ጥርጌ" አሉት፤ ፀጉሩ ገብስማ ሲሆን ደግሞ ከፊቱ "ጋሽ" ጨመሩለትና አረፉ። ያን ሁሉ ዓመት ምሎ አንድም ቀን የጠረገው ነገር የለም። ይህ ራሱ ሰፈርተኛውን ሳያስገርመው አልቀረም።

ጋሽ ጥርጌ ሾፌር ነው። የራሱ መኪና ግን ኖሮት አያውቅም። ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ የነዳው ለባለ አሸዋው ነው፤ ከወንዝ ዳር አሸዋ እያስቆፈረ ለግንበኞች ለሚሸጥ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር ለሚጣላ ሀብታም። መንዳቱስ ደህና ነበር፤ ስም ያተረፈበት ሙያ ግን ሌላ ነው። ባለ አሸዋው አንዷ መኪና አርጅታበት ሊሸጣት ባሰበ ቁጥር ጋሽ ጥርጌን ይጠራና "እስቲ ሙሽራ አድርግልኝ" ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለሱ መተው ነው። የናፍታ ማጠራቀሚያዋ፣ እነሱ ሰልባትዮ የሚሉት፣ ቀዳዳ ካለው የልብስ ሳሙና በጣቱ ለውሶ ይደፍንባታል፤ ሳሙና ናፍታን ለጊዜው ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ጭስ የምታበዛ ከሆነች ወፍራም ዘይት ሞልቶ ያፍናታል። ጠዋት አልነሳም የምትል ከሆነች ገዢው ከመምጣቱ በፊት አሙቆ አጥፍቷት ይጠብቃል፤ ገዢው ቁልፉን ሲያዞር በአንድ ጊዜ ድርርር ትላለች። ጎማውን በጫማ ቀለም ይወለውላል። በመጨረሻም እጁን ወደ ላይ አንስቶ "ጥርግ ያርገኝ፣ እንዲህ ያለ ሞተር በእጄ ገብቶ አያውቅም!" ይላል። እሱስ እውነቱን ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የተቀመጠው በመኝታ ክፍላቸው፣ በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ነው። ደንበኛ ልክ ልትሰጥ በመጣች ቁጥር ጋሽ ጥርጌ ጫማውን በእጁ እንዳንጠለጠለ ተጣድፎ ይወጣል፤ ጨርቁ፣ ክሩና ቁልፉ እንጀራ የሚሰጣቸው ስለሆነ ምንም አይልም። ሴትየዋ ከቤቱ ጓሮ አንዲት የስፌት ክፍል ለመሥራት ለዓመታት ስታጠራቅም ኖራለች። በሩ በየት እንደሚሆን፣ መስኮቱ ብርሃን በየት እንደሚያስገባ ሁሉ በጠመኔ መሬቱ ላይ አስምራ ጨርሳለች። ጠመኔው ሲጠፋ መልሳ ታሰምራለች።

እንግዲህ አንድ ቀን ባለ አሸዋው በቀን ሠራተኞቹ ፊት ተቆጣው። መኪና መንገድ ላይ ቆማበት ነበር። "አንተ ሙሽራ ማድረግ እንጂ ሚስት ማድረግ አታውቅም!" አለው። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ሳቁ። ጋሽ ጥርጌ ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ነገሩ አጥንቱ ድረስ ገባ። ቁልፉን ሰውየው እጅ ላይ አስቀምጦ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

"የራሴን መኪና እገዛለሁ" አላት ሚስቱን። "ያገለገለች፣ ጠንካራ የናፍታ መኪና። ጥርግ ያርገኝ፣ በዓመት ውስጥ አንድ ሳይሆን ሁለት ክፍል እሠራልሻለሁ።"

ሴትየዋ የሜትር ክሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለች። ስታስብ እንደዚያ ነው የምታደርገው። "ገንዘቡ የኔ ነው" አለች በመጨረሻ።

"ያንቺ ነው።"

"ክረምቱ እስኪገባ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ዝናብ ከጀመረ በኋላ ይቺ የምትላት መኪና ጭነት ተሸክማ የገበያውን ዳገት ካልወጣች እሸጣታለሁ። ቤቴን እሠራለሁ፤ አንተም አንገትህን ደፍተህ ወደ ባለ አሸዋው ትመለሳለህ። እሺ?"

"እሺ። ግን ማን እንዳይሸውደኝ ነው የምትፈሪው? እኔን?" ደረቱን መታ። "በዚህች ከተማ አንድ ተንኮል ቢኖር አባቱ እኔ ነኝ።"

"እሱን አይደል የምፈራው" አለችና ወደ ስፌቷ ዞረች።

መኪናዋ የተገኘችው ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ነው። ዱቄቱን አሁን ወፍጮ ቤቱ ራሱ ስለሚያደርስለት መኪና አላስፈለገውም። ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ዱቄት የተነሰነሰበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ወሰደውና አሳየው። መኪናዋ ጎማዋ አቧራ እንደለበሰ፣ የኋላ ጭነት ሳጥኗ፣ ካሶኒዋ ላይ ባዶ ጆንያ እንደተከመረባት ቆማለች። ጋሽ ጥርጌ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው።

ሳያሞቃት ነው የሚሸጣት! ወይ የለየለት ሞኝ ነው፣ ወይ ከኔ የባሰ ነው፤ ሲል አሰበና ሁለተኛውን መረጠ።

"እንግዲህ ወንድሜ፣ ነውሯን ልንገርህ" አለ ዳቦ ጋጋሪው እጁን በሽርጡ እየጠረገ። "አንደኛ፣ ካደረች በቀላሉ አትነሳም። ከየት እንደሆነ ባላውቅም የናፍታው መስመር አየር ያስገባል። ይቺን የእጅ ፓምፕ ጫን ጫን ካደረግክላት ትነሳለች።" ኮፈኑን ከፈተና አሳየው። ጫን ጫን አደረገ፣ አስነሳት፤ ሁለቴ ሳለችና ተነሳች። "ሁለተኛ፣ ሰልባትዮዋ ሥሩ ላይ ቀዳዳ አለው። በሳሙና ደፍነነዋል፤ አጥበህ እንዳታስለቅቀው። ሦስተኛው ማርሽ ደግሞ ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ያመልጥሃል፤ በእጅህ ያዝ አድርገው። ፍሬኑን አዲስ አድርጌዋለሁ። ሞተሩም ጤነኛ ነው፤ ሰው ቢመክርህ እንኳ እንዳታስከፍተው።"

ጋሽ ጥርጌ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠው። ፊቱ ላይ የከበደ ሐሳብ አለ፤ ውስጡ ግን በሳቅ ሊፈነዳ ደርሷል። እሱ በዕድሜው ስንት መኪና ሸጧል፣ ስንት ሲሸጥ አይቷል፤ ሻጭ የራሱን ዕቃ ሲያማ ሰምቶ አያውቅም። ነገሩ ገባው። ሰውየው ሌላ የተሻለ ገዢ አግኝቷል! እኔን ለማባረር ነው በሽታ የሚደረድርብኝ! እንዲያ ከሆነማ ይቺ መኪና ዕንቁ ናት ማለት ነው። እዚያው ዋጋ ተነጋግሮ፣ እዚያው ተስማምቶ፣ ዳቦ ጋጋሪው ሐሳቡን ሳይለውጥ ቁልፉን ነጥቆ እንደመሄድ ሄደ። ሰውየው በመስኮት ትኩስ ዳቦ አቀበለውና "በደህና ሥራባት" አለው። ጋሽ ጥርጌ ዳቦውንም በጥርጣሬ ነው የገመጠው።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

መንገድ ላይ እያለ ሐሳቡ ሌላ መንገድ ያዘ። እሺ፣ ሦስቱ በሽታዎች ፈጠራ ናቸው። ግን ሞተሩን እንዳታስከፍት ያለው ለምንድን ነው? አትክፈት ከተባለ ነገሩ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ፍሬኑን አዲስ አድርጌዋለሁ ማለቱስ? ፍሬን ማንም አያይልኝም ብሎ እኮ ነው! ቤቱ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ ሚስቱ ወንድም ጋራዥ ጠመዘዘ።

የሚስቱ ወንድም መካኒክ ነው። አጭር፣ ድፍን ያለና አንገት የሌለው ስለሆነ "ብሎን" ይሉታል፤ ራሱም ቢሆን ስልክ ሲያነሳ "ብሎን ነኝ" ነው የሚለው። ሞተሩን አዳመጠ፣ ጭሱን አየ፣ የዘይቱን መለኪያ ስቦ በጣቱ አሸው።

"ጋሼ፣ ሞተሩ ደህና ነው።"

"ክፈተው።"

"ደህና ነው እኮ አልኩህ።"

"ደህና ስለመሰለ ነው ክፈተው የምልህ! ሰውየው እንዳታስከፍተው ብሎኛል።"

ብሎን ትንሽ አሰበ። "ታዲያ ሰውየው ልክ ቢሆንስ?"

"ሻጭ ነዋ!" አለ ጋሽ ጥርጌ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ተከፈተ። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ወርዶ፣ ብሎኑ ሁሉ በአሮጌ ትሪ ላይ ተዘርግቶ፣ ሞተሩ ሆዱን ገልጦ ተኛ። ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። ንጹሕ ነው፤ ጭረት እንኳ የለውም። ሚስትየዋ ለወንድሟ ምሳ ልታቀብል ስትመጣ ሁለቱን እንደቆሙ አገኘቻቸው።

"ምን አገኛችሁበት?"

"ጤና" አለ ብሎን።

"ጤናውን ለማየት ነው ሆዱን የቀደዳችሁት?" ብላ የምሳውን ሳህን አስቀምጣ ሄደች።

አንድ ጊዜ የተከፈተ ሞተር ዝም ብሎ አይዘጋም፤ በክዳኑ ሥር የሚነጠፍ አዲስ ጓርኒሲዮን ተፈልጎ፣ ጠፍቶ፣ ተገኝቶ፣ ሳምንቱ በዚያ አለቀ። አዲሱ ፍሬንም ተፈትቶ ወጥቶ በሌላ አዲስ ተተካ። የወጣውን ቁራሊያው ሰብስቦ ሲወስድ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልሠራበትም" ቢለው ጋሽ ጥርጌ በእውቀት ፈገግ አለበት።

ከዚያ ወደ ውበቷ ዞረ። ቤቱ በር ላይ አቁሞ ሰማያዊ ቀለም ቀባት። ጋቢናውን ጠረገ። ከዚያም በሞቀ ውኃና በሽቦ ብሩሽ ሰልባትዮዋን ፈተገ። ሳሙና የሚባለው ተረት ከየት እንደመጣ ሊያጣራ በሥሯ ሲተኛ አንድ ድቡልቡል ነገር ግንባሩ ላይ ጠብ አለ፤ ከኋላው ናፍታው ተከተለ። ጋሽ ጥርጌ ዓይኑ ውስጥ የገባውን ናፍታ እየጠረገ ድቡልቡሉን አነሳና አየ። የልብስ ሳሙና ነው። ጠርዙ በአውራ ጣት ተስተካክሎ የተደፈነ፣ ጥንቅቅ ያለ ሥራ። ምንም እንኳ በናፍታ ቢርስ፣ ሙያውን ሳያደንቅ አላለፈም።

ባልዲ ተፈልጎ እስኪመጣ ናፍታው ግቢውን አጥለቀለቀው። ሽታው በመኝታ ቤቱ መስኮት ገባ። ከቁም ሳጥኑ አናት የተሰቀለው የደንበኛ ቀሚስ ሁሉ ናፍታ ናፍታ አለ። አንዲት ሴትዮ ቀሚሷን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ "ይሄን ለብሼ ምድጃ አጠገብ ብቆምስ?" አለች።  ልብስ ሰፊዋ ሰማዩን አንጋጣ አየች፤ ደመናው እየወፈረ ነበር።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው የመጣው ጡብ ተጭኖ ነው። ብሎን ሰልባትዮውን እንደገና በሳሙና ደፈነለትና ጋሽ ጥርጌ የመጀመሪያ ጭነቱን አገኘ፤ ከጡብ ማምረቻው ተነስቶ የገበያውን ዳገት ወጥቶ ማራገፍ። ጠዋት መኪናዋ አልነሳም አለች። ባትሪው ነው ብሎ ባትሪ ተዋሰ። አሁንም አልተነሳችም። ጎረቤት ጠርቶ አስገፋት፤ ላብ በላብ ሆነው በመጨረሻ ተነሳች። የእጅ ፓምፗን ለመንካት አላሰበም፤ ምክንያቱም ፓምፗን ያሳየው ሻጩ ነው።

ዳገቱ ወገብ ላይ ሦስተኛው ማርሽ ቀጭ ብሎ ወጣ። ሞተሩ በባዶ ጮኸ፣ መኪናዋ ለአፍታ ቆም አለችና ወደኋላ መንሸራተት ጀመረች። ጋሽ ጥርጌ ሁለት እግሩን ፍሬኑ ላይ አቆመ። መኪናዋ ቆመች፤ ጡቡ ግን አልቆመም። የካሶኒው ኋላ ተከፍቶ ጡቡ እየተንከባለለ መንገዱን ሞላው። ከታች የመጡት መኪኖች በሙሉ ክላክሳቸውን አንድ ላይ ለቀቁበት። አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "አባቴ፣ መንገድ ልትሠራልን ነው?" አለው።

ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ጋሽ ጥርጌ ጡቡን በእጁ ለቅሞ መንገድ ዳር ከምሮ ሲጨርስ ጣቶቹ ደምተው፣ ልቡ በንዴት ጦፎ ነበር። መኪናዋን ባዶዋን ነድቶ በቀጥታ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አቆማት። ዳቦ ለመግዛት የተሰለፈው ሕዝብ ዞር ብሎ አየው።

"አንተ ሰው!" አለ በሩ ላይ ቆሞ። "አታለልከኝ!"

ዳቦ ጋጋሪው ረጅሙን የዳቦ ማውጫ እንጨት ይዞ ብቅ አለ። "ምን ሆነች?"

"ሦስተኛው ማርሽ ያመልጣል!"

"ነግሬህ ነበር እኮ።"

"ጠዋት አትነሳም!"

"እሱንም ነግሬሃለሁ። ፓምፗን አሳይቼህ የለ?"

"ሰልባትዮዋ..." አለና ድምፁ ወረደ።

"በሳሙና ነው የተደፈነው፣ አትጠበው አላልኩህም?"

"ብለሃል!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ጥርጌ፣ ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ደርሶ። "ብለሃል! ግን እውነትህን መሆኑን በምን ልወቅ?"

 ከሰልፉ መሐል ዘንቢል የያዙ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። "ልጄ፣" አሉ በርኅራኄ፣ "እውነት ነግሮ አታለለኝ ብለህ ነው የምትከሰው?"

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። ዳቦ ጋጋሪው ላለመሳቅ ከንፈሩን ነክሶ ነበር፤ አልቻለም። ቅንድቡ ላይ ያለው ዱቄት እስኪረግፍ ሳቀ። ጋሽ ጥርጌ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ዕድሜውን ሙሉ በሳቅ ውስጥ ኖሯል፤ በሳቁ መሐል እንዲህ ብቻውን የቆመበት ቀን ግን ትዝ አይለውም።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይላሉ። እሱም ስንቱን ሲያታልል ኖሮ ሰው እውነት ሲናገር የሚሰማበት ጆሮው ጠፍቶበታል። ይህን ለራሱ ያለው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሰልፉ ካለቀ በኋላ ዳቦ ጋጋሪው ወደ ውስጥ አስገብቶት ሻይ ቀድቶለት ነበር።

"እስቲ እንደ አዲስ ንገረኝ" አለው። "ሁሉንም።"

ዳቦ ጋጋሪው ሳይሰለች እንደ አዲስ ነገረው። የጋቢናው የግራ በር በውጭ እጀታ ካልሆነ እንደማይከፈትም ጨመረለት። ጋሽ ጥርጌ እያንዳንዱን ቃል ተቀበለ፤ አንድ ሁለቴ በጥርጣሬ አንገቱን ሊነቀንቅ ሲቃጣው ራሱን ገታ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ብሎን ሰልባትዮዋን አውርዶ፣ አጥቦና አድርቆ ሥሩን አስበየደ፤ ሳሙናው ወደ ሳሙናነቱ ተመለሰ። ካምቢዮው ተከፍቶ የሦስተኛው ማርሽ ጥርስ ተቀየረ። የአየሩን ነገር ለማግኘት ሁለቱ ሰዎች በናፍታው መስመር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ሲዳብሱ ዋሉ። በመጨረሻ ከናፍታ ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው ሥር ስንዝር የማትሞላ የጎማ ቱቦ ተገኘች፤ አርጅታ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቶባታል። ለናፍታ የማትታይ፣ ለአየር ግን የተከፈተች በር ናት። በአዲስ ቱቦ ተተካችና መያዣው በደንብ ጠበቀ። በማግስቱ ማለዳ ጋሽ ጥርጌ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ሳትስል፣ ሳትለመን ተነሳች። መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆየ። የራሱ መኪና ድምፅ እንዲህ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀመረ።

"ተሠራች!" አለ እየሮጠ ገብቶ። "ጥርግ ያርገኝ፣ እንደ ሰዓት ሆናለች!"

"ሞተሯ ሲከፈትም እንደ ሰዓት ናት ብለኸኛል" አለች ሚስቱ ከስፌቷ ቀና ሳትል። "ስትቀባም። ጡቡ ሊጫን ሲልም። ገዢ ጠርቻለሁ፤ ነገ ጠዋት ይመጣል።"

"ማነው?"

"ባለ አሸዋው።"

ጋሽ ጥርጌ አልጋው ላይ ዘጭ አለ። ስንት ገዢ እያለ እሱ! መኪናዋ ተሽጣ፣ እሱ ደግሞ የራሱን መኪና ለዚያ ሰው ሲነዳ ታየው። ሠራተኞቹም አካፋቸውን ተደግፈው። ሚስቱ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ እንደወጣች ተነሳ። ከዳቦ ቤቱ የተማረውን ትምህርት ለጊዜው በኪሱ ከተተና ካቻቢቴ ያዘ።

ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛ ሙሽራ ሲያደርግ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ጤነኛ ማሳመም ጀመረ። የአዲሷን ቱቦ መያዣ ላላ አደረገው፤ አየር ይግባ። ከሞተሩ ሥር የተቃጠለ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገ። ጎማዎቹን ጭቃ ቀባ። አንድ መብራት አጣመመ። ሲጨርስ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብሎ አያት፤ ልብ ታሳዝናለች። በሥራው ኮራ።

ባለ አሸዋው በማግስቱ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ሚስትየዋ በሩ ላይ፣ የሜትር ክሯ አንገቷ ላይ፣ ቆማለች።

"አስነሳት" አለ።

ጋሽ ጥርጌ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አጓራች፣ ሳለች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ዝም አለች። ደግሞ ሞከረ። ዝም።

"እንግዲህ ምን ይደረጋል" አለ እጁን አጣጥፎ፣ ሐዘንተኛ መስሎ። "አርጅታለች። አትመከርም። ወዳጅ ስለሆንን ነው የምነግርህ።"

ባለ አሸዋው መኪናዋን ዞራት። ጭቃውን አየ። ጎንበስ ብሎ ዘይቱን አየ። ከዚያ ቀጥ አለና ጃንጥላው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

"አንተ ጥርጌ! በሽተኛዋን ጤነኛ ናት ብለህ ስትምል ነው የማውቅህ። ዛሬ ታማለች ካልክ ይቺ መኪና ወርቅ ናት ማለት ነው!" ወደ ሚስትየዋ ዞረ። "እትዬ፣ ከተነጋገርነው በላይ እጨምራለሁ። አሁኑኑ እወስዳታለሁ።"

 ሴትየዋ ባሏን በዓይኗ ጠቅሳ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ጠራችው። ዝናቡ ከጣሪያው እየወረደ ከሌላው ሰው ለያቸው።

"ስማኝ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ታማ ከሆነ አልሸጣትም። በስሜ የሰው ቤት ጣጣ አልልክም፤ ሚስቱ ደንበኛዬ ናት። እኛው ዘንድ ትቆይና ትታከማለች። ደህና ከሆነች ግን ዛሬ ትሄዳለች። አንተ ነህ የምታውቃት። ታማለች ወይስ ደህና ናት?"

አንዲት ቃል ናት። "ታማለች" ቢል መኪናዋ ትቀራለች። ከዚህ የቀለለ ውሸት በዕድሜው አልገጠመውም፤ አፉ ውስጥ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። ሊላት ሲል የሚስቱን ዓይን አየ። እንደ ሌላው ጊዜ እያፌዘች አይደለም። ጠይቃው እየጠበቀች ነው፤ የነገራትን ልትይዝ ቆርጣለች። እሱ መኪናዋን ቢያጣ ይቆጨዋል፤ ይቺን ቢያታልላት ግን ምን እንደሚሆን አላወቀም። ፈራ። በእውነት ፈራ።

"ደህና ናት" አለ። "ቱቦዋን ትናንት እኔ ነኝ ያላላሁት። ጭቃውም የኔ ነው። ዳቦ ጋጋሪውም ከመጀመሪያው እውነቱን ነበር የነገረኝ፤ ያላመንኩት እኔ ነኝ።"

ሴትየዋ የሜትር ክሯን አውርዳ መጠቅለል ጀመረች። ጠቅልላ ጨረሰች። "ሂድ አጥብቃት" አለች።

ጋሽ ጥርጌ እግሩን እየጎተተ ሄደ። ቱቦዋን አጠበቀ፣ ፓምፗን ጫን ጫን አደረገ፣ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ድርርር ብላ ተነሳች። ባለ አሸዋው አጨበጨበ። "አላልኩም!" አለና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

"አልሸጣትም" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ምን? አሁን ለመሸጥ ተስማምተን..."

"ቅድም የሚነዳትን ሰው አላምነውም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለባለቤትዎ ጉርዷ ደርሷል በሉልኝ።"

ባለ አሸዋው አንዷን አየ፣ አንዱን አየ። "ባልና ሚስት ተመካክራችሁ ነው የተጫወታችሁብኝ!" ብሎ ጃንጥላውን እያወዛወዘ ወጣ። ይህን ታሪክ ዛሬም እንደዚያ ነው የሚያወራው።

"ቃልሽስ?" አላት ጋሽ ጥርጌ፣ አሁንም ለማመን እየፈራ።

"ቃሌ ቃሌ ነው። ክረምት ገብቷል፣ ጭነት ይዛ ዳገቱን ትወጣለች ወይስ አትወጣም? ነገ ጡብ ትጭናለህ። የኔን ክፍል ጡብ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።"

በማግስቱ ካሶኒው እስከ አፉ ጡብ ሞልቶ ከዳገቱ ሥር ደረሱ። መንገዱ ረጥቧል። ከፊታቸው አንድ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ሴትየዋ ጋቢና ውስጥ ጥቅል ጨርቅ ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከጡብ ማምረቻው ጀምሮ አንድ እጇ ከፊቷ ያለውን መያዣ ብረት ጨብጦ ነበር።

"ትወጣዋለች?" አለች።

"ትወጣዋለች" አለ።

ወደ ሦስተኛ አስገባ። ሞተሩ ድምፁን አወፈረ። ሴትየዋ ብረቱን ለቀቀችና ጥቅሉን ፈታች፤ የደንበኛ ቀሚስ ነው። ከደረቷ ላይ መርፌ ነቀለች፣ ክሩን በምላሷ አራሰች፣ መኪናዋ ዳገቱን እየተሳበች እያለ የቀሚሱን ጠርዝ በእጇ መስፋት ጀመረች። ጋሽ ጥርጌ በጎን አየት አደረጋት።

"ፊትህን ወደ መንገዱ" አለች ከስፌቷ ቀና ሳትል። "ብታንገጫግጨኝና ብወጋ፣ መርፌዋን አንተ ላይ ነው የምሰካት።"